ነጩስ የት ሄደ?

የእናቴን ነጠላ ስካነር ላይ ያነጠፍኩት በ1994 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። የምሠራው ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ስካነርና አንድ የስልክ መስመር ነበረን። ያው መስመር ስልክም ነው፣ ኢንተርኔትም ነው። ከታች ስልክ ሲነሳ ከላይ የጀመርነው ሁሉ ይቋረጣል። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጽ እንድንሠራለት ቀብድ ከፍሎ ነበርና አለቃዬ «ባክግራውንዱ የሐበሻ ነገር ይሁን» አለኝ። የሐበሻ ነገር ሲባል ቀድሞ ዓይኔ ላይ የመጣው የእማዬ ነጠላ ነው፤ ለጥምቀት ብቻ ከሳጥን የሚወጣው፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ የሆነው።

«እንዳታቆሽሺው» ብላ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ዛሬ ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች ባክግራውንድ ስላቸው የሚገባቸው ሌላ ነው። የዛሬው ገጽ መደቡ ነጭ ነው፤ ነጭ ካልሆነም አንድ ወጥ ቀለም ወይም ከዳር እስከ ዳር የተለጠጠ ፎቶ ነው። እኛ ባክግራውንድ የምንለው ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሥዕል ነበረች። ያቺን ሥዕል ለኮምፒውተሩ ትሰጠዋለህ፤ እሱ ደግሞ እንደ ወለል ሴራሚክ ጎን ለጎንና ከላይ እስከ ታች እየደጋገማት ገጹን በሙሉ ይሸፍንባታል። ጽሑፉ የሚቀመጠው ከዚያ በላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከዚያ በፊት ድረ ገጽ ሁሉ ግራጫ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲውም፣ የጋዜጣውም፣ የተማሪውም። ኔትስኬፕ የተባለው ማሰሻ 1.1 የሚባለውን እትም ሲያወጣ የገጹን መደብ ቀለም መቀየርና ሥዕል ማንጠፍ ተቻለ። ኩባንያው ራሱ ሰው እየወሰደ እንዲጠቀምባቸው የመደብ ናሙናዎችን አስቀምጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለም ግራጫውን ዳግመኛ አላየውም። እብነ በረድ፣ የተጨማደደ ወረቀት፣ ደመና፣ የጡብ ግድግዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥቁር ሰማይና ከዋክብት መጣ። አገራችን ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. ስለሆነ እኛ ስንደርስ ግብዣው ሞቅ ብሎ ነበር።

ለምን ትንሽ ሥዕል? ምክንያቱ ችጋር ነው። በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ያመጣል የተባለው ሞደም በተግባር ከዚያ በጣም ያነሰ ያመጣል። አንድ ደህና ፎቶ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ እየወረደ እስኪገለጥ ሻይ ይፈላል። ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው ደግሞ የሚከፍለው በደቂቃ ነው። በዚህ ላይ ገጹን ማስጌጥ የሚቻለው አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት በምትመዝን፣ አንዴ ከመጣች በኋላ ግን ሺህ ጊዜ በምትደገም ቁራጭ ብቻ ነበር። ጊፍ የሚባለው የሥዕል ዓይነት ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር። በአንድ ሥዕል ቢበዛ 256 ቀለም ብቻ ይይዛል፤ እኛ ግን ስምንት ላይ እንቆማለን። ተመሳሳይ ነጥብ በተከታታይ ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱን ከመጻፍ ይልቅ በአጭሩ ይመዘግበዋል። ስምንት ቀለም፣ ጥቂት ነጥቦች፣ በቃ። በትንሽ ነገር ትልቅ ቦታ መሸፈን ያኔ ሙያ ነበር።

ሙያው ያለው ግን ስፌቱ ላይ ነው። የሥዕሏ ቀኝ ጠርዝ ከግራ ጠርዟ ጋር፣ የታቹ ከላዩ ጋር ካልገጠመ፣ ገጹ ላይ ስትደጋገም መገጣጠሚያው እንደ ፍርግርግ ይታያል። አንባቢው ጥለቱን ትቶ ፍርግርጉን ያያል። ፎቶሾፕ ለዚህ መላ አለው፤ ሥዕሏን በግማሽ ወደ ጎን ገፍተህ ጠርዙን መሃል ላይ ታመጣዋለህ፣ ከዚያ መገጣጠሚያውን በብሩሽ ታለሰልሰዋለህ። ለደመና ይሠራል፣ ለእብነ በረድም ይሠራል። ለጥለት ግን አይሠራም፤ ጥለት ስሌት ነውና ማለስለስ አይቀበልም።

እኔ አራት ቀን ታገልኩ። ጥጡ ስካነር ውስጥ ሲገባ ነጭነቱን ትቶ አመድማ ሆነ። ጨርቁ ትንሽ ጠመም ብሎ ስለተነጠፈ ክሮቹ ሁሉ ጋደል አሉ። ያንን በብዙ ድካም አቀናሁ። አረንጓዴውን ጎላ፣ ወርቃማውን ሞቅ አደረግሁ። ቆርጬ ስደጋግመው ግን በየመገጣጠሚያው ላይ አንድ ቀጭን መስመር ወፍሮ ይታያል። አንድ ነጥብ ስቀንስ መስመሩ ይጠፋና ቅርጹ ይሰበራል፤ አንድ ነጥብ ስጨምር ይብስበታል።

ማታ ነጠላውን ለእማዬ ስመልስ ችግሬን ነገርኳት። ማተሚያ ላይ ያወጣሁትን ወረቀት ወደ ሳሎኑ አምፖል አስጠግታ አየችና «ጥለቱ ከየት እንደሚነሳ ሳታውቂ ነዋ የቆረጥሽው» አለችኝ። ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ይዛኝ ሄደች።

ነጠላውን የሸመኑት ሽማግሌ ከዶርዜ የመጡ ናቸው። ሽሮ ሜዳ ብዙው ሸማኔ ከጋሞ ደጋ የመጣ ነው፤ ያኔም፣ ከዚያም በፊት፣ ዛሬም። እሳቸው እግራቸውን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ተቀምጠው ነበር። ከፊታቸው ድሩ ተወጥሯል፣ መወርወሪያው ጭናቸው ላይ ነው። ጥለት በሚገባበት ቦታ ላይ እጃቸው ይዘገያል፤ ድሩን በጣታቸው እየቆጠሩ ያነሱና ባለቀለሙን ክር በእጃቸው ያስገባሉ፣ ከዚያ ነጩን ማግ ወርውረው ያጠብቁታል። እንደገና ቆጠራ። የአንድ ስንዝር ጥለት የስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አባባ፣ ይሄ ጥለት የሚደገመው ከየት ነው?» አልኳቸው።

ወረቀቴን ተቀብለው አዩት። ከዚያ ነጠላውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አንዲት አረንጓዴ ክር ላይ አሳረፉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በሹክሹክታ ቆጠሩ። ጥፍራቸው ከክር ወደ ክር ሲሄድ ይታየኝ ነበር።

«ሃያ አራት» አሉኝ። «ሃያ አምስተኛው የሌላው መነሻ ነው። አንቺ እሱንም ጨምረሽ ቆረጥሽው፤ ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የሚመጣብሽ፣ ልጄ።»

ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይህን ስህተት ያውቀዋል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ አንድ ቀን አንድ ቁጥር አብዝቶ ወይም አሳንሶ ቆጥሮ ሌሊቱን ሙሉ አድሮበታል። እኔ ደግሞ የተማርኩት ከጉድጓድ ውስጥ ነው።

ሰኞ ዕለት ስካን ያደረግሁትን ሁሉ ጥዬ ከባዶ ጀመርኩ። አንዱን ክር አንድ ፒክስል አድርጌ፣ በ24 ፒክስል ካሬ ውስጥ፣ ነጠላውን አጠገቤ ዘርግቼ ነጥብ በነጥብ ሳልኩት። ሥዕሉን ስምንት እጥፍ አጉልቼ ነው የምሠራው፤ እያንዳንዷ ነጥብ እንደ ዶቃ ትታያለች። ጨርሼ ሳነጥፈው ስፌቱ ጠፋ። ገጹ በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አረንጓዴና ወርቃማ የጥለት ባሕር ሆነ። አለቃዬ ከወንበሩ ተነሳ። ፋይሉ አንድ ኪሎባይት አይሞላም ነበር።

ደስታዬ የቆየው ጽሑፉን እስካስቀምጥበት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን መናገር አለብኝ፤ የመደብ ጥለት ከላቲን ይልቅ እኛን የጎዳበት ምክንያት አለና። ያኔ አማርኛን በድረ ገጽ ላይ እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነበር። ፓወር ግዕዝ አለ፣ ቪዥዋል ግዕዝ አለ፣ ሌላም አለ፤ እያንዳንዱ ፊደሉን በራሱ የኮድ ቤት ያስቀምጣል። የአንዱን ፎንት ያልጫነ ሰው ገጹን ሲከፍት የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ግዕዝ የዓለም ፊደላት በጋራ በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ቢሆንም፣ ሠንጠረዥ ውስጥ መግባትና ሰው ኮምፒውተር ላይ መድረስ የተለያየ ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ መላችን አንድ ነበር፤ አማርኛውን ጽፈን እንደ ሥዕል እናስቀምጠዋለን። ርእሱም ሥዕል ነው፣ «ያግኙን» የምትለው ቃልም ሥዕል ናት።

የፊደል ሥዕል ጥለት ላይ ሲቀመጥ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው የጠርዝ ጉዳይ ነው። ፊደሉ በነጭ ወረቀት ላይ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ጠርዙ ለስላሳ እንዲመስል ጥቁሩ ወደ ነጩ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ነጩን አንስተህ ጥለት ላይ ስታስቀምጠው እነዚያ የደበዘዙት ነጥቦች አብረው ይመጣሉ። ፊደሉ ዙሪያውን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ይህን በድካም ማጽዳት ይቻላል። ሁለተኛው ግን መድኃኒት የለውም። የእኛ ፊደል ከግዕዙ ወደ ካዕቡ፣ ከካዕቡ ወደ ሣልሱ የሚሄደው በአንዲት ትንሽ ምልክት ነው። «በ» ወገቡ ላይ ብትነካው «ቡ» ነው፣ እግሩ ላይ ብትነካው «ቢ»። በትንሽ መጠን ሲጻፍ ያቺ ምልክት ሁለት ወይም ሦስት ፒክስል ናት። ከሥሯ ያለው ጥለት ደግሞ እሱም ነጥብ ነው፣ እሱም ሰረዝ ነው። ምልክቷን ይውጣታል፤ ወይም ለሌለው ፊደል ምልክት ያበቅልለታል። ላቲኑ አናባቢውን ድምፅ ለብቻው በቆመ ሙሉ ፊደል ስለሚጽፍ እንዲያም ሆኖ ይነበባል። የኛው ሌላ ቃል ይሆናል።

ገጹን በወረቀት አትሜ ሽሮ ሜዳ ተመልሼ ሄድኩ። ሽማግሌውን ላመሰግን ነበር። አዩት፣ አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይሄ ጥለት አይደለም። ምንጣፍ ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ነጩስ የት ሄደ?» አሉኝ።

«ነጩን ሸፈንኩት» አልኩ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ የምሸምነው ነጩን ነው። ጥለቱ ለዳሩ ነው።»

ሥራዬ ድረ ገጽ እንደሚባልና «ድር» የሚለው ቃል ከእሳቸው ድር ጋር አንድ እንደሆነ የነገርኳቸውም ያን ቀን ነው። በጣም ደስ አላቸው። «ማጉስ?» ብለው ጠየቁኝ። ማጉ እኔ የምጽፈው ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መወርወሪያቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ከዚያች ጥያቄ የወጣ ነው። ጥለትን ወደ ዳር ለማውጣት ያኔ አንድ ዘዴ ነበር፤ ብዙ ሠሪ ያውቀው ነበር፣ ዛሬ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሥዕሏን ካሬ ማድረግ ትተህ እንደ መቀነት ረጅምና ቀጭን ታደርጋታለህ። የእኔዋ ቁመቷ 24 ፒክስል፣ ወርዷ 1000 ነበር። በግራ በኩል ስድሳ ፒክስል ጥለት፣ የቀረው በሙሉ የጥጥ ነጭ። የሰዉ ስክሪን በብዛት 800 ፒክስል ወርድ ስለነበረው ሥዕሏ ወደ ጎን ለመደገም ቦታ አታገኝም፤ ወደ ታች ብቻ ትደገማለች። ገጹ ሲከፈት በግራ ዳር ጥለት ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ ቀሪው ነጭ ነው፣ ጽሑፉ ነጩ ላይ ያርፋል። ነጠላ ሆነ። «ቡ» ቡ ሆነ፣ «ቢ»ም ቢ።

በኋላ ጀርመን አገር ያለ ሐበሻ በኢሜል ጻፈልን። ትልቅ ስክሪን ላይ ሲያየው ጥለቱ በቀኝ በኩልም ገባ ብሎ ድጋሚ ብቅ ይላል። እውነቱን ነው፤ የእሱ ስክሪን ከ1000 ይሰፋል። ሥዕሏን ወደ 2000 አስረዘምኳት። ነጭ ብቻ ስለተጨመረ ክብደቷ እምብዛም አልጨመረም።

እማዬም የራሷን አስተማረችኝ። አንድ ጊዜ ለሌላ ደንበኛ ጥለቱን ገጹ አናት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አዞርኩት። መልኩ ያማረ ነበር። እሷ ግን ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «ምነው፣ ሰው ሞቶባቸዋል?» አለችኝ። ለሐዘን ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻና አንገት ይመጣል። የእኛ ሰው ይህን ያነብባል፤ በቃል ሳይሆን በዓይኑ። ጥለቱን ከአናቱ አነሳሁትና በምትኩ ሐረግ አደረግሁ። ሐረግ ቦታው አናት ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ የምዕራፉ መጀመሪያ ጋ፣ ከጽሑፉ በላይ፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄደው ጌጥ እሱ ነው፤ አንዳንዴም በዓምዶቹ መካከልና በጎን ይወርዳል። ከፊደሉ ሥር ግን አይገባም። ቁም ጸሐፊው ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም የሚያሳርፈው በባዶ ብራና ላይ ነው። ሸማኔውና ጸሐፊው ሳይነጋገሩ አንድ ሕግ ይዘው ኖረዋል፤ እኛ ኮምፒውተር ስናገኝ ጣስነው።

የጣስነው እኛ ብቻ አይደለንም። ጂኦሲቲስ የሚባል ቦታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀምሮ ማንም ሰው በነፃ ገጹን የሚሠራበት። እንደ ከተማ በሠፈር የተከፈለ ነበር፣ እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱ አድራሻ ነበረው። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን የሠሯቸውን ገጾች እዚያ እየዞርኩ እመለከት ነበር። የላሊበላ መስቀል ከጽሑፉ ሥር ደብዝዞ የተነጠፈበት፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሰንበር፣ የአክሱም ሐውልት በመቶ የተደገመበት፣ የቡና ፍሬ የተዘራበት። ብዙው አይነበብም። ይህን አልክድም፤ ዓይን የሚያደክም ሥራ ነበር። ነገር ግን ያንን የአክሱም ሐውልት ያነጠፈው ልጅ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቀው ብርድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሥራ መልስ፣ ሌሊት፣ ገጼን አገሬ ላድርጋት ብሎ የሠራው ነው። ማንም አልከፈለውም። ያ ልጅ ቤቱን ቀለም የቀባ ሰው ነው፤ እኔ ያን ዘመን የምወደው ስለዚህ ነው።

የሚናፍቀኝ ከዋክብቱና እብነ በረዱ አይደለም። የሚናፍቀኝ የአንዱ ገጽ ከሌላው ገጽ መለየቱ ነው። ገና ጽሑፉ ሳይመጣ መደቡን አይተህ የማን ቤት እንደገባህ ታውቅ ነበር።

እንዴት እንደጠፋ ለመናገር ብዙ አያስፈልግም። ፌስቡክ መጣ፣ ሁላችንም ገባን። እዚያ የማንም መደብ ከማንም አይለይም። የስልክ ስክሪን ሲመጣ ደግሞ ገጹ በጠባብ ወርድ ውስጥ መግባት ነበረበትና ለዳር የሚተርፍ ቦታ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2013 አፕል የስልኩን ገጽታ በአይኦኤስ 7 ሲቀይር ቆዳ መሳዩንና ጨርቅ መሳዩን ሁሉ ጠርጎ አወጣው፤ ብዙው ዓለም ተከተለው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ንድፍ ደግሞ ረከሰ፤ አዲስ አበባ ያለ ሆቴልና ማኒላ ያለ ሆቴል አንድ ዓይነት ገጽ መግዛት ጀመሩ። ነጩ ተመለሰ። ግን ጥለቱ ዳሩ ላይም አልቀረም። የሽሮ ሜዳው ሰው የጠየቁኝ ነጩ የት ሄደ ብለው ነበር፤ ዛሬ ቢኖሩ ጥያቄያቸው ይገለበጥ ነበር።

ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 2009 ተዘጋ። ያሁ የተባለው ኩባንያ ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ በቢሊዮኖች ዶላር የገዛው ከተማ በአንድ ቀን ፈረሰ። አርካይቭ ቲም የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ከመዘጋቱ በፊት የቻሉትን ያህል ገልብጠው አዳኑ። ኦሊያ ሊያሊናና ድራጋን ኤስፔንሺድ የተባሉ ሁለት አርቲስቶች ደግሞ ያንን የዳነ ክምችት እያገላበጡ ገጾቹ በዘመኑ ስክሪን ላይ እንዴት ይታዩ እንደነበር ለዛሬ ሰው ሲያሳዩ ቆይተዋል። ሊያሊና ስለ ከዋክብቱ መደብ ሳይቀር በቁም ነገር ጽፋለች። ሌሎች ሕዝቦች የዚያን ዘመን ጌጥ እንደ ቅርስ ቆጥረው ይለቅማሉ።

እኔ የራሴን ለመፈለግ የተነሳሁት እማዬ ካረፈች በኋላ ነው። ነጠላዋን ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፤ በዚያው በፌስታሉ ተጠቅልሎ። ያን ድረ ገጽ ማየት አማረኝ። አስጎብኚ ድርጅቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ አድራሻውንም የሚያድሰው ስለጠፋ ገጹ ወርዷል። የድሮ ድረ ገጾችን የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አድራሻውን ጻፍኩ። ተገኘ። ልቤ ዘለለ።

የተከፈተው ግን ባዶ ነበር። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አለ፤ ስለ ጎንደር፣ ስለ ሐረር፣ ስለ ሰሜን ተራሮች። ጥለቱ የለም። የሥዕል ፋይሉ ከገጹ ጋር አልተቀመጠም፤ በድሮ ገጾች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ከጥለቱ ጋር ደግሞ አማርኛው በሙሉ የለም። አማርኛችን ሥዕል ነበርና ሥዕሎቹ ሲቀሩ አብሮ ቀረ። «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ የጻፍኩበት ቦታ ላይ የተሰበረ ሥዕል ምልክት፣ ትንሽ ሳጥን፣ ተቀምጣለች። ጎብኚው ዛሬ ያን ገጽ ቢከፍት የሠራው ሰው አማርኛ የማያውቅ ይመስለዋል።

ለረጅም ሰዓት ያቺን ሳጥን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ቅጂው ቤት ውስጥ ነበር። ከፒያሳው ክፍል ስወጣ ሥራዬን በሲዲ ጽፌ ይዤ ነበርና በሁለተኛው ሳምንት ከድሮ የትምህርት ማስረጃዎቼ መካከል አገኘሁት። ኮምፒውተሬ ሲዲ ማንበቢያ የለውም፤ ከጎረቤት ተዋስኩ። ሲዲው እየተንገራገጨ ነው የተነበበው፤ አንዳንዱ ፋይል እስከ ዛሬ አልከፈት ብሏል። 24 በ24ቷ ሥዕል ግን ተከፈተች። ረጅሟም ተከፈተች። አማርኛዎቹ ርእሶች ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ዳኑ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዚያ ዘመን ድረ ገጽ ለሠራችሁ ሁሉ ነው፤ አዲስ አበባም ብትሆኑ፣ ዋሽንግተንም፣ ስቶክሆልምም። የቤተ ክርስቲያን ገጽ፣ የዕድር ገጽ፣ የእግር ኳስ ቡድን ገጽ፣ የሠርግ ገጽ ሠርታችኋል። መደቡን ከእናታችሁ ቀሚስ፣ ከአያታችሁ መሶብ፣ ከመጽሐፍ ሐረግ ቀድታችኋል። ሰው የሚያነበው አማርኛ ሥዕል ሆኖ የተቀመጠው በእናንተ ፍሎፒና ሲዲ ላይ ነው፤ አርካይቩ ብዙውን አልያዘውም። ቤት ውስጥ የሚጻፈው ሲዲ ቀለሙ ከዓመታት ጋር ይበላሻል፣ ፍሎፒም ማግኔቱ ይደክማል። በዚህ ሳምንት ከሳጥን አውጡት፣ ማንበቢያ ተዋሱ፣ ገልብጡት። ከየትኛው ጨርቅና ከማን እጅ እንደተቀዳም ከጎኑ ጻፉበት።